የእንግሊዝኛዋ የመጨረሻ «ስ»፦ ሰንጠረዡ የማይሰማው ነገር

በአገራችን እንግሊዝኛ የተማረ ሰው አንድ ጊዜ እንኳ ደብተሩ ላይ የገለበጠው ሰንጠረዥ አለ። ሦስት ዓምድ አለው። በመጀመሪያው ዓምድ እንደ «ካትስ» ያሉ ቃላት፣ በሁለተኛው እንደ «ዶግዝ»፣ በሦስተኛው እንደ «በሲዝ» ያሉ ተደርድረዋል። ከላይ ሕጉ ተጽፏል፦ ቃሉ በኢነዛሪ ድምፅ ካለቀ «ስ» በሉ፤ በነዛሪ ካለቀ «ዝ» በሉ፤ በ«ስ»፣ «ዝ»፣ «ሽ»፣ «ዥ»፣ «ች» ወይም «ጅ» ካለቀ ደግሞ «ኢዝ» ጨምሩበት። ከዚያ ዐሥር ቃል ይሰጣል፣ ተማሪው በየዓምዱ ይመድባል፣ መምህሩ ያርማል፣ ደወል ይደወላል።

ሕጉ ትክክል ነው፤ እሱ ላይ ክርክር የለኝም። ክርክሬ፣ ይሄን ሰንጠረዥ መሙላት «የአነጋገር ትምህርት» ተብሎ መጠራቱ ላይ ነው። ተማሪው ዐሥሩንም በትክክል መድቦ ሙሉ ማርክ ሊያገኝ ይችላል፤ አፉን ግን አንድ ጊዜም አልከፈተም። አንድ ሰው ስለ ዋና ጥያቄና መልስ ጽፎ አለፈ ማለት ወንዝ ይሻገራል ማለት አይደለም።

የምሠራው በድምፅ ሲግናል ላይ ነው፤ የቋንቋ መምህር አይደለሁም። ስለዚህ የማነሳው ጥያቄ የመሐንዲስ ጥያቄ ነው። ከተናጋሪው አፍ ተነስቶ ሰሚው ጆሮ እስኪደርስ የሚጓዘው መረጃ የቱ ነው? በመንገድ ላይ የቱ ይጠፋል፣ የቱስ ይተርፋል? ይሄን የምጠይቀው ደግሞ በደፈናው ሳይሆን ሁለት ከተሞችን ይዤ ነው፦ አዋሽ ሰባት ኪሎን እና ሰመራን። ምክንያቱም ያው አንድ ሰንጠረዥ በእነዚህ ሁለት የአፋር ከተሞች የሚያርፈው በጣም በተለያየ ጆሮ ላይ ነው።

አዋሽ ሰባት ኪሎ መገናኛ ናት። ባቡሩ ወደ ድሬዳዋና ጅቡቲ ያልፍባታል፤ ከባዱ መኪና ደግሞ ከእሷ ተነስቶ በሚሌ አድርጎ ወደ ሰመራ ይወጣል። ገበያዋ ላይ ጎልቶ የሚሰማው አማርኛ ነው። ሰመራ፣ የክልሉ ዋና ከተማና የዩኒቨርሲቲ መቀመጫ፣ ከጎረቤቷ ከሎግያ ጋር ሆና ከየአቅጣጫው የመጣ ሰው ያለባት ናት፤ ነገር ግን ብዙ ተማሪ ቤቱ የሚናገረው አፋርኛ ነው፤ አማርኛ ሁለተኛው፣ እንግሊዝኛ ሦስተኛው። መጽሐፉ ግን ለሁለቱም አንድ ነው።

እስቲ ከአማርኛ ተናጋሪው እንጀምር። ጣታችሁን ጉሮሯችሁ ላይ አድርጉና «ሠራ» በሉ፣ ቀጥሎ «ዘራ» በሉ። የመጀመሪያዋን ድምፅ ጎተት አድርጓት። በ«ሠራ» ጉሮሮው ዝም ይላል፣ በ«ዘራ» ይነዝራል። በቃ፣ ነዛሪና ኢነዛሪ ማለት ይሄ ነው። በቃል መጨረሻም ቢሆን አማርኛ ሁለቱንም ያውቃል፦ «ኪስ» አለ፣ «ጋዝ» አለ፤ «ካስ» አለ፣ «ያዝ» አለ። «ጋዝ»ን «ጋስ» የሚል የአዋሽ ልጅ አታገኙም።

ታዲያ ይሄው ልጅ ለምንድን ነው «ዶግስ» የሚለው? አፉ ስላቃተው አይደለም። ዓይኑ ነው ያሳሳተው። እንግሊዝኛ ሁለቱንም ድምፅ በአንድ ፊደል ይጽፋል፤ እኛም ፊደሉን አይተን ነው የተዋስነው። መርካቶ ሄዳችሁ የምትገዙት ሱሪ «ጂንስ» ነው፤ ባለቤቶቹ ግን «ጂንዝ» ነው የሚሉት። ዜናችን ላይ «ቻርልስ» እና «ጄምስ» እንላለን፤ እነሱ «ቻርልዝ»፣ «ጄምዝ»። በዚሁ በአፋር፣ ሐዳር ላይ እ.ኤ.አ. በ1974 የተገኘችው ድንቅነሽ «ሉሲ» የተባለችው ከ«ቢትልስ» ዘፈን ነው እንላለን፤ ባንዱ ራሱን የሚጠራው «ቢትልዝ» ብሎ ነው። (ተቃራኒውም አለ፤ እኛ መሐንዲሶች በየቀኑ «ሄርዝ» እያልን የምንምልበት መለኪያ በእንግሊዝኛ መጨረሻው «ትስ» ነው።) እዚህ ላይ አንድ የሚያስቀና ነገር አለ፦ የግዕዝ ፊደል ለዚህ ሥራ ከላቲኑ ይሻላል። መምህሩ ሰሌዳው ላይ «ካትስ፣ ዶግዝ፣ በሲዝ» ብሎ ቢጽፍ ድምፁ እንዳለ ይታያል። ብዙዎቻችን ግን እንግሊዝኛን በአማርኛ ፊደል መጻፍ ነውር ነው ተብለን ነው ያደግነው። ነውሩ አይገባኝም። መሸጋገሪያ እስከሆነ ድረስ ምን ችግር አለው?

አማርኛ ተናጋሪው ላይ ከ«ስ» እና «ዝ» መምታታት ይልቅ የሚያሳስቡኝ ሁለት ሌሎች ነገሮች ናቸው፤ ሰንጠረዡ ሁለቱንም አያያቸውም።

አንደኛው «ስ»ዋን ጨርሶ መዋጥ ነው። በአማርኛ «ሦስት መጽሐፍ ገዛሁ» ብንል ማንም አያርመንም፤ ቁጥሩ ስለተነገረ ስሙን ማብዛት ግዴታ አይደለም። ግሱም ላይ «ይሠራል» ስንል «እሱ» መሆኑን የሚነግረን መጀመሪያ ላይ ያለው «ይ» ነው። ጆሯችን የቃሉን መነሻ መጠበቅ ለምዷል። እንግሊዝኛ ግን ይሄን ሁሉ ጭራ ላይ ነው የሚያስረው። ስለዚህ «ስ»ዋ የምትጠፋው ምላስ ስለከበደው ሳይሆን አእምሮ ስላልጠበቃት ነው። ማስረጃ ካስፈለገ፣ አማርኛ ራሱ ትርጉም ያላት የመጨረሻ «ስ» አለችው። «እኔ» እና «እኔስ?» አንድ አይደሉም። «ምሳ በላችሁ፤ እኔስ?» ሲል «ስ»ዋን የሚውጥ ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ትርጉም ስትሸከም አትዋጥም።

ሁለተኛው ደግሞ ከዚህችው «ስ» ጋር የተያያዘ ነው። «ቤትስ?» ስንል በ«ት» እና በ«ስ» መካከል አጭር አናባቢ እናስገባለን፤ «ቤት-እስ» ዓይነት ነው የሚሰማው። ይሄን ልማድ ወደ እንግሊዝኛ ስንወስደው «ካትስ» የነበረው «ካት-እስ» ይሆናል፤ አንድ ቀለም የነበረው ሁለት ይሆናል (ቀለም ስል በአንድ አናባቢ ዙሪያ የሚወጣውን የቃል ክፍል ነው)። በእንግሊዝኛ ግን ተጨማሪ ቀለም ለሦስተኛው ዓምድ የተያዘ ምልክት ነው። ሰሚው ትርፍ ቀለም ሲሰማ የሚጠብቀው በ«ስ» ወይም በ«ሽ» ያለቀ ቃል ነው፤ ሌላ ቃል መፈለግ ይጀምራል። ይሄ ስህተት «ዶግዝ»ን «ዶግስ» ከማለት በብዙ የከፋ ነው፤ በሰንጠረዡ ግን ዜሮ ማርክ አይቀነስበትም።

አሁን ወደ ሰመራ እንሂድ።

የአፋርኛ መጻፊያ የሆነው «ቀፋር ፊራ» በላቲን ፊደል ላይ የተመሠረተ ነው፤ ለ«ዝ» ድምፅ ግን ፊደል የለውም። የተረሳ ነገር አይደለም፤ ድምፁ በአፋርኛ ውስጥ ስለሌለ ነው። «ሽ»ም የለም፣ «ች»ም የለም፣ «ጅ»ም የለም፣ «ዥ»ም የለም። ከእንግሊዝኛ የፉጨት ዘሮች ውስጥ አፋርኛ ያለው «ስ» ብቻ ነው። አሁን ሰንጠረዡን በዚህ ልጅ ዓይን እዩት። ሦስተኛው ዓምድ «በእነዚህ ስድስት ድምፆች ካለቀ» ይላል፤ ከስድስቱ አምስቱ እሱ ቤት የሉም። ሁለተኛው ዓምድ «ዝ» በል ይለዋል፤ እሷም የለችም። ቋንቋው ያልለያቸውን ነገሮች ለይተህ መድብ ነው የተባለው። እርግጥ ብዙው የሰመራ ተማሪ አማርኛ ስለሚችል «ዝ»ን በዚያ በኩል ተዋውቋታል፤ ይሁንና ያንን ዕድል ያገኙት ሁሉም አይደሉም፤ ያገኙትም ቢሆኑ በፍጥነት ሲናገሩ ወደ ቤታቸው ድምፅ ይመለሳሉ።

እንግዲህ እዚህ ላይ የተለመደው ድምዳሜ ይመጣል፦ «አፋርኛ ተናጋሪ ‹ዝ› ስለሌለው ለእንግሊዝኛ መጨረሻ ይቸገራል፤ ልምምድ ይጨመርለት»። ሌላ ቋንቋ የሌለውን ነገር መቁጠር ቀላል ነው። ያለውን ለመቁጠር ግን መጀመሪያ የእንግሊዝኛው ምልክት ራሱ ምን እንደሆነ መለካት ያስፈልጋል።

ተለክቷል። እ.ኤ.አ. በ1955 ፒተር ዴነስ የተባለ ተመራማሪ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ወሰደ፤ «ጥቅም» ሲሆን «ዩስ»፣ «መጠቀም» ሲሆን «ዩዝ» የሚባለውን። የአናባቢውንና የመጨረሻውን ፉጨት ርዝመት እየቀያየረ ለሰዎች አሰማ። የተገኘው ነገር ይሄ ነው፦ መጨረሻ ላይ ያለው ድምፅ ምንም ንዝረት የሌለበት «ስ» ሆኖ፣ አናባቢው ረዘም ፉጨቱ አጠር ካለ፣ ሰሚዎቹ «ዩዝ» ብለው ሰሙ። ሌሎች መለኪያዎችም በዚሁ አቅጣጫ ናቸው፤ ፒተርሰንና ሌሂስተ እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተሙት ሥራ በእንግሊዝኛ ከኢነዛሪ ተነባቢ በፊት ያለ አናባቢ ከነዛሪ በፊት ካለው ጋር ሲነጻጸር ርዝመቱ በግምት 2 ለ 3 ነው። በዚያ ላይ የእንግሊዝኛ ባለቤቶች ራሳቸው ዐረፍተ ነገር ሲያልቅ የመጨረሻዋን «ዝ» በሙሉ አይነዝሯትም፤ ብዙ ጊዜ ንዝረቷ ግማሽ መንገድ ላይ ይሞታል። ጉሮሯቸው ላይ ጣት ቢደረግ መምህሩ ያርማቸው ነበር።

በሌላ አነጋገር፣ «ፒስ» ሲባል ሰላም፣ «ፒዝ» ሲባል አተር መሆኑን ለሰሚው የሚነግረው በአብዛኛው ከፉጨቱ በፊት ያለው አናባቢ ነው። አጭር «ፒስ» ሰላም ነው። «ፒይይስ» ብላችሁ ብትጎትቱት፣ መጨረሻው «ስ» ሆኖ እንኳ፣ ወደ አተር ይጠጋል።

እና አፋርኛ? አፋርኛ አጭርና ረጅም አናባቢን በትርጉም ደረጃ የሚለይ ቋንቋ ነው። አምስት አጭር አናባቢ አለው፣ አምስት ረጅም አለው፤ ሲጻፍ ረጅሙ አናባቢ ፊደሉ ይደገማል። ሁላችንም የምናውቀው «ዳጉ»፣ የአፋሮች የወሬ መለዋወጫ ሥርዓት፣ በራሱ አጻጻፍ «ዳ» ላይ ያለው አናባቢ ሁለት ጊዜ ተጽፎ ነው የሚታየው። አማርኛ ደግሞ ተነባቢን ያጠብቃል እንጂ («አለ» እና «አለ»ን አስቧቸው) የአናባቢ ርዝመትን ለትርጉም አይጠቀምበትም።

የምለው ይሄን ነው። «ዝ የለውም» ተብሎ የሚታዘንለት ተማሪ፣ የእንግሊዝኛ ሰሚ በትክክል የሚጠቀምበት መሣሪያ በእጁ ነው። «ዝ» ያለው የአዋሽ ልጅ ግን ያ መሣሪያ የለውም። ሰንጠረዡ ሁለተኛውን ጎበዝ፣ የመጀመሪያውን ደካማ ብሎ ይመድባል። በዚህ ምክንያት ክፍል ውስጥ እጁን ማውጣት ያቆመ ልጅ ካለ፣ የቆመው በሌለ ድክመት ነው።

(በነገራችን ላይ የግዕዝ ፊደልም ርዝመት ላይ ሲደርስ እጅ ይሰጣል። አን ቤከር የጻፈችው፣ እ.ኤ.አ. በ1977 የታተመ ታዋቂ የአነጋገር መለማመጃ መጽሐፍ አለ፤ ርዕሱ «መርከብ ወይስ በግ?» እንደማለት ነው፣ ሁለቱ ቃላት በእንግሊዝኛ በአናባቢ ስለሚለያዩ። በእኛ ፊደል ርዕሱን ስትጽፉት «ሺፕ ኦር ሺፕ» ይሆናል። ቀልዱ ራሱ ጠፋ። ግዕዝ «ስ» እና «ዝ»ን ያሳያል፣ ርዝመትን ይሰውራል፤ ቀፋር ፊራ ርዝመትን ያሳያል፣ «ዝ» የለውም።)

ወደ ሙያዬ ልመለስ። ይሄ የርዝመት ጉዳይ ለምን ልቤን እንደያዘው ልንገራችሁ። የ«ስ» ድምፅ ጉልበቷ ያለው ከፍ ባለው ድግግሞሽ ላይ ነው፤ በግምት ከ4,000 ሄርዝ በላይ። የተለመደው የስልክ መስመር የሚያሳልፈው ግን ከ300 እስከ 3,400 ሄርዝ ነው። ስለዚህ በስልክ የምትሰሙት «ስ» አብዛኛው አካሏ ተቆርጦ ቀርቷል፤ ስማችንን ፊደል በፊደል ስናስነግር «ኤስ ነው ኤፍ?» የምንባባለው ለዚህ ነው። «ሽ» ዝቅ ብላ ስለምትጀምር የተሻለ ትተርፋለች፤ «አዋሽ» በስልክ ደህና ነው የሚሰማው። የመካከለኛ ሞገድ ሬዲዮም ከስልኩ ብዙ አይሻልም፤ ጣቢያዎቹ በ9,000 ሄርዝ ርቀት ስለሚደረደሩ ለድምፁ የሚደርሰው ግማሹ፣ ወደ 4,500 አካባቢ ነው። የሰመራን ክፍል ደግሞ አስቡት። ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲያልፍ ወይ ማራገቢያው ይሽከረከራል ወይ መስኮቱ ይከፈታል፤ ከመስኮቱ ውጭ የጅቡቲ መንገድ ከባድ መኪና አለ። የማራገቢያ ጫጫታ ራሱ ፉጨት መሰል ነው። የኋላ ወንበር ላይ ለተቀመጠ ልጅ፣ ዐረፍተ ነገሩ ሲያልቅ ትንፋሽ እያነሰ የሚመጣው «ስ» እዚያው ይሰጥማል።

አናባቢው ግን አይሰጥምም። ጉልበቱ ዝቅ ባለው ድግግሞሽ ላይ ስለሆነ በስልክም፣ በሬዲዮም፣ በማራገቢያ መካከልም ያልፋል። ርዝመት ደግሞ የጊዜ ጉዳይ ነው፤ ባንዱን ብትቆርጡት ጊዜው አይቆረጥም። መሐንዲስ መልእክት ሲልክ የሚመርጠው እንዲህ ዓይነቱን ምልክት ነው፦ መስመሩ ቢበላሽም የሚደርሰውን።

ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባውን የፕላዝማ ትምህርት ያየ ሰው እዚህ ላይ አንድ ነገር ትዝ ይለዋል። በደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በሳተላይት ይመጣ የነበረው ትምህርት ፍጥነቱ ብዙ ተወቅሷል፤ ስለ ድምፁ ግን ማንም ሲያወራ አልሰማሁም። ከቴሌቪዥኑ የሚወጣው ከፍተኛ ድግግሞሽ ቀጥ ብሎ ወደ ፊት ነው የሚሄደው፤ ፊት ለፊት የተቀመጠው ይሰማዋል፣ ጥግ ያለው ጎርናናውን ክፍል ብቻ ይሰማል። በትምህርቱ ይዘት ምንም ስህተት ባይኖር እንኳ፣ ግማሽ ክፍል «ካት» እና «ካትስ»ን የሚለይበት ማስረጃ ጆሮው አልደረሰም።

አሁን «ስለዚህ ‹ዝ›ን እንርሳት ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ቅድሚያውን እናስተካክል ነው የምለው። አስቡት፣ ከ«ክ»፣ «ፕ» እና «ት» ቀጥሎ የሚመጣው ሁልጊዜ «ስ» ነው፤ ከ«ብ»፣ «ድ» እና «ግ» ቀጥሎ የሚመጣው ሁልጊዜ «ዝ» ነው። «ዶግስ» ብትሉ ከምን ጋር ይምታታል? ከምንም ጋር። መለየቱ የግድ የሚሆነው በጠባብ ቦታ ነው፦ ከአናባቢ በኋላ፣ ከ«ን» በኋላ («ፔንስ» ሳንቲም፣ «ፔንዝ» እስክሪብቶዎች) እና ከ«ል» በኋላ። እዚያም ርዝመቱ አብሮ ይሠራል። ጄኒፈር ጄንኪንስ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻቸው ያልሆኑ ሰዎች እርስ በርስ ለመግባባት የግድ ከሚያስፈልጓቸው ነገሮች መካከል ያስቀመጠችው ይሄንኑ ነው፤ አናባቢ ከነዛሪና ከኢነዛሪ በፊት ያለውን ርዝመት።

የሌላው ቅድሚያ ደግሞ ምንም አያከራክርም። እነዚህን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች እዩ፦ «ዘ ጎት ዳይድ» እና «ዘ ጎትስ ዳይድ»። በአማርኛ «ፍየሏ ሞተች» እና «ፍየሎቹ ሞቱ» ስንል ልዩነቱ ስሙም ላይ ግሱም ላይ አለ፤ አንዱ ባይሰማ ሌላው ያድነናል። በእንግሊዝኛው ግን «ዘ» አይለወጥም፣ «ዳይድ» አይለወጥም። አንዲት ፍየል ወይስ መንጋው የሚለው ሸክም በሙሉ ያረፈው በአንዷ «ስ» ላይ ነው። ድርቅ ባየ አካባቢ ይሄ የሰዋስው ጨዋታ አይደለም። ቀጥሎ «ዘ ካሜልዝ ዳይድ» የሚለውን ውሰዱ። ተማሪው «ካሜልስ» ብሎ በ«ስ» ቢናገረው መልእክቱ ደርሷል። «ካሜል» ካለ ግን ግመሎቹ አንድ ሆነዋል። መጽሐፎቻችን ለሁለቱ ስህተቶች እኩል ቀይ እስክሪብቶ ነው የሚሰጡት፤ እንዲያውም የመጀመሪያው ነው የሚቀጣው፣ ምክንያቱም ሰንጠረዡ ያለው ለእሱ ነው። («በግ» በእንግሊዝኛ ሲበዛ ምንም «ስ» አለመውሰዱን ለአርብቶ አደር ልጅ ማስረዳት ሌላ ፈተና ነው፤ እሱን ለባለሙያዎቹ ትቻለሁ።)

አነጋገር የሚመዘንበት ፈተና ላይም ይሄው ነው። በአይኤልትስ የንግግር ፈተና ሰዋስውና አነጋገር ከአራቱ መመዘኛዎች ሁለቱ ናቸው፣ እኩል ክብደት አላቸው። «ስ»ዋን ከዋጣችሁ ፈታኙ ሰዋስው አታውቁም ይበል ወይ አልተሰማኝም ይበል የሚለይበት መንገድ የለውም። «ዝ»ዋን «ስ» ካደረጋችኋት ግን ቢያንስ ብዙ ቁጥር እንደምታውቁ ሰምቷል።

በ1958 እ.ኤ.አ. ጂን በርኮ ለትንንሽ አሜሪካውያን ልጆች የአንድ የፈጠራ እንስሳ ሥዕል አሳየቻቸው፤ ስሙ «ወግ» ነው አለቻቸው (የአማርኛው ወግ አይደለም)። ከዚያ ሁለት ሆነው አሳየቻቸው። አብዛኞቹ ልጆች «ወግዝ» አሉ። ሰንጠረዥ አላዩም፤ ያንን ቃልም ከዚያ በፊት አልሰሙም። ግን ከዚያው ጥናት ብዙ የማይወራው ክፍል አለ፦ «ኢዝ» የሚጨመርባቸው አዲስ ቃላት ላይ እነዚያው ልጆች ተሰናክለዋል፤ «ግላሲዝ» ማለት የሚችሉት ሳይቀሩ። ሦስተኛው ዓምድ ለባለቤቶቹ ልጆችም የመጨረሻው ነው። እኛ ግን ሦስቱንም በአንድ ክፍለ ጊዜ፣ በእኩል ዐሥር ዐሥር ቃል እናስተምራለን።

ታዲያ መምህሩ ምን ያድርግ? አራት ነጥብ ብዬ አልዘረዝርም፤ ግን ክፍል ውስጥ ቢሞከሩ ደስ የሚሉኝ ነገሮች አሉ።

አፋርኛ ቃል በሁለት ተከታታይ ተነባቢ አይጨርስም፤ «ጎትስ» ላይ ያለው «ትስ» ለዚህ ነው የሚከብደው። ብቻውን ከመደጋገም ይልቅ አናባቢ የሚጀምር ቃል አስከትሉት፦ «ጎትስ አር»። በፍጥነት ሲባል «ጎት-ሳር» ይሆናል። ክምችቱ ተበተነ፣ «ስ»ዋ የሚቀጥለው ቀለም መነሻ ሆነች፣ እንግሊዝኛም በተፈጥሮው እንዲሁ ነው የሚያያይዘው። «ዶግ-ዛር»፣ «ካሜል-ዚን»። ለአማርኛ ተናጋሪውም «ካት-እስ»ን ያስጥለዋል። ብዙ መጻሕፍት ቃሉን ነጥለው፣ መጨረሻው ላይ ዝምታ አድርገው ያለማምዳሉ፤ ይሄ ለ«ስ» ከሁሉ የከፋው ቦታ ነው።

ርዝመቱን ለማስተማር የሰመራ መምህር የልጆቹን የራሳቸውን ፊደል ሊጠቀም ይችላል፤ አናባቢውን ደግሞ መጻፍ የሚያውቁት ነገር ነው። የአዋሹ መምህር በበኩሉ «ዝ»ን በግዕዝ ይጻፍ፣ ርዝመቱን ግን በእጅ ጭብጨባ ወይም እጅን በመዘርጋት ያሳይ።

ፈተናውን ደግሞ ከዳጉ እንዋሰው። በዳጉ ወሬ የሚነገረው ከሰው ወደ ሰው እየተላለፈ ነው፤ ሳይዛባ ማድረስ ግዴታ ነው። ስድስት ተማሪ ግቢ ውስጥ በየተወሰነ ርቀት አቁሙ። ለመጀመሪያው «ዘ ጎትስ ዳይድ» ወይም «ዘ ጎት ዳይድ» ከሚሉት አንዱን በወረቀት ስጡት። አንድ ጊዜ ብቻ ይናገር፣ የሚቀጥለው ያስተላልፍ። የመጨረሻው ተማሪ አንድ ጣት ወይም አምስት ጣት ያንሳ። ሃያ ጊዜ ደጋግሙት። በግምት ብቻ ቢሆን ዐሥሩ ይሳካል፤ ስለዚህ ዐሥራ አንድ አስደሳች አይደለም፣ ዐሥራ ስምንት ግን ነው። «ስ»ዋ የትኛው ተማሪ ጋ እንደወደቀች ለማወቅ ደግሞ መሃል ላይ ያለውን ጣት እንዲያነሳ ጠይቁት። በአንድ ክፍለ ጊዜ ውስጥ የመናገርም የመስማትም ውጤት አላችሁ፤ ማንም ብቻውን ተነስቶ አልተሳቀበትም።

ለቤት ሥራ ድምፅ የምታስቀዱ ከሆነ በስልክ ጥሪ አትስሙት፤ ከላይ ባልኩት ምክንያት «ስ»ዋ መስመሩ ላይ ትቀራለች። የቴሌግራም የድምፅ መልእክት ይሻላል፤ የሚጠቀምበት ኦፐስ የተባለው መጭመቂያ ከስልኩ መስመር በጣም የሰፋ ባንድ መያዝ ይችላል። ማየት የምትፈልጉ ደግሞ የአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲዎቹ ቦርስማና ዌኒንክ የሠሩትን «ፕራት» የተባለ ሶፍትዌር በነፃ አውርዱ፤ ፉጨቱ ላይኛው ክፍል ላይ እንደ ጥቁር ደመና፣ አናባቢው ከታች እንደ ወፈሩ መስመሮች ይታያችኋል፣ ርዝመቱንም በሚሊ ሰከንድ ትለካላችሁ። ስትቀዱ ስልኩን ከአፍ አንድ ስንዝር ያህል አርቁትና ትንሽ ወደ ጎን አድርጉት፤ ፊት ለፊት ከሆነ ትንፋሹ ማይኩን ይመታውና «ስ» ይሁን ንፋስ መለየት ያቅታችኋል። ማራገቢያውንም ለዚያች ደቂቃ አጥፉት።